ስለ ጀልባ አደጋ ቍጥርና ስለ አነባበቡ

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ዓመተ ዓለሙን በዐሥራ ዘጠኝ ገድፎ ከተረፈው ላይ አንዱን ማንሣት የረሳ እንደ ሆነ ወንበሩ ይፋለስበታል፤ ወንበሩም ከተፋለሰ አበቅቴውና መጥቅዑ ይፋለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ጾሙና በዓሉ ሁሉ ከቦታው ይናወጣል። ማካፈሉም ማባዛቱም ያለ ስሕተት ተሠርቶ ሳለ፤ መነሻው ስለ ተሳተ ብቻ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መንግሥታት በየዓመቱ እያሳተሙ የሚያወጡትን የቍጥር መግለጫ በሚያነብ ሰው ላይም ይኸው ነገር ይደርሳል። ቍጥሩ በትክክል ተደምሮና ተካፍሎ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፤ ምን እንደ ተቈጠረና በምን እንደ ተካፈለ ሳይጠየቅ የተነበበ እንደ ሆነ አንባቢውን ካላሰበው ስፍራ ያደርሰዋል።

ለዚህ ጕዳይ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ የሚገኘው በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ለመዝናኛ በሚነዱ ጀልባዎች ላይ የሚደርሰው አደጋ የሚቈጠርበት ሥራ ነው። በዚያ አገር ሕዝቡ በዕረፍቱ ቀን በሐይቅና በወንዝ፤ በባሕርም ዳር ጀልባ እየነዳ ዓሣ ማጥመድንና ነፋስ መቀበልን እጅግ ይወዳል። በመዝገብ የገቡት ጀልባዎች ብቻ በ2023 ዓመት 11,546,512 ነበሩ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን ያህል ጀልባ በሚመላለስበት ውሃ ላይ አደጋ መድረሱ አይቀርምና፤ መንግሥቱ በ1958 ባወጣው ሕግ የሞተር ጀልባዎች ቍጥር እንዲጻፍባቸው፤ አደጋም በደረሰ ጊዜ ለሹም እንዲነገር አዘዘ። በ1971 ደግሞ ይህን የሚያጠነክር የጀልባ ደኅንነት ሕግ ታወጀ። እያንዳንዱ ግዛት የሰበሰበውን የአደጋ ወረቀት የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ወደ ሆነው፤ በእነሱ አነጋገር ኮስት ጋርድ ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ሁሉን ደምሮ በየዓመቱ በመጽሐፍ ያወጣዋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም የሚካድ አይደለም። በ1973 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ የሞቱት ሰዎች 1,754 ነበሩ። በ2024 ግን የጀልባው ብዛት እጅግ ጨምሮ ሳለ የሞቱት 556 ናቸው፤ ይህም የቀድሞው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሰው የሚሞትበት ምክንያት በወረቀት ባይጻፍና ባይደመር ኖሮ፤ የትኛው ጀልባ እንደሚገለበጥ፤ የትኛውም ነጂ እንደሚያጠፋ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

መጽሐፉ በወጣ ቍጥር ግን ጋዜጦች አስቀድመው የሚፈልጉት በአደጋ ብዛት አንደኛ የሆነው ግዛት የትኛው እንደ ሆነ ነው፤ የሚያገኙትም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎሪዳ ነው። በ2020 ዓመት በፍሎሪዳ 836 አደጋዎች ደርሰው 79 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ፍሎሪዳ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ቸልተኞች የሚኖሩበት ምድር ነው ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በፍሎሪዳ መዝገብ የገቡት ጀልባዎች 985,005 ነበሩ፤ በአገሩ ሁሉ የነበሩትም 11,838,188 ናቸው። እንግዲህ ፍሎሪዳ ከአገሩ ጀልባ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱን ያህል ይዛ፤ በዚያ ዓመት ከሞቱት 767 ሰዎች ከዐሥሩ አንዱን፤ ከደረሱትም 5,265 አደጋዎች ከስድስቱ አንዱን ያህል ታስቈጥራለች። ሟቹ ለመቶ ሺህ ጀልባ ሲመደብ በአገሩ ሁሉ 6.5 ሲሆን በፍሎሪዳ 8 ገደማ ነው። ልዩነት አለ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ የጋዜጣው አርእስት የሚያስፈራራውን ያህል አይደለም።

ደግሞም እነዚህ ሦስት ሚዛኖች ሦስት ልዩ ልዩ ፍርድ መስጠታቸውን ማስተዋል ይገባል። በሟች ብዛት ሲታይ ፍሎሪዳ ከድርሻዋ ጥቂት ታልፋለች፤ በአደጋ ብዛት ሲታይ ግን ድርሻዋን ዕጥፍ ያህል ታደርጋለች። ይህ ለምን ሆነ ቢባል፤ አደጋ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሕጉን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

በሕጉ መሠረት ነጂው ለሹም እንዲያስታውቅ የሚገደደው ሰው የሞተ ወይም የጠፋ እንደ ሆነ፤ ከመጀመሪያ ርዳታ ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ቍስል የደረሰ እንደ ሆነ፤ ጀልባው ፈጽሞ የጠፋ እንደ ሆነ፤ ወይም በንብረት ላይ የደረሰው ጕዳት 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ሞትና ቍስል ሲሆን በ48 ሰዓት ውስጥ፤ የንብረት ጕዳት ብቻ ሲሆን በ10 ቀን ውስጥ ይነገራል። ይህ 2,000 ዶላር የሚለው ልክ እስከ 2001 ድረስ 500 ዶላር ብቻ ነበረ። እንግዲህ ከ2001 በፊትና በኋላ ያለውን የአደጋ ብዛት ጎን ለጎን አድርጎ፤ እነሆ አደጋው ቀነሰ የሚል ሰው ቢኖር፤ ደፉ ከፍ ስለ ተደረገ የሚያልፈው ማነሱን ያላሰበ ነው። በሌላ ወገን የዕቃው ዋጋ ዓመት ለዓመት ሲወደድ የዶላሩ ልክ ባለበት ይቈማልና፤ ቀድሞ የማይቈጠር ትንሽ ግጭት ወደ ኋላ ሲቈጠር ይገኛል። ካሊፎርንያን የመሰለ ግዛት ደግሞ በራሱ ሕግ ጕዳቱ ከ500 ዶላር ሲበልጥ እንዲነገር ያዛል፤ ስለዚህ ግዛቱ በራሱ ስም የሚያወጣው ቍጥርና ኮስት ጋርድ በአገሩ ደንብ አበጥሮ የሚያወጣው ቍጥር አይገጥሙም ቢባል ከሁለቱ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም።

ፍሎሪዳ ዋጋቸው ከፍ ያለ ጀልባዎች የሚነዱበት፤ መግቢያና መውጪያውም የተጣበበ ውሃ ነው። ሁለት ጀልባዎች በወደቡ አፍ ሲጋጩ ማንም ሳይሞት ጕዳቱ 2,000 ዶላር ያልፋል፤ ወረቀቱም ይጻፋል። በሰሜን በኩል ባለ ጸጥተኛ ሐይቅ ላይ ግን ሽማግሌው ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ መረቡን ሊስብ ጐንበስ ሲል ይወድቃል፤ ጀልባው ምንም ሳይነካው ባዶውን ሲንሳፈፍ ይገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱም አንድ አንድ አደጋ ተብለው ይቈጠራሉ። የጀልባና የጀልባ ግጭት በአደጋ ብዛት ላይኛውን ስፍራ ሲይዝ፤ ብዙውን ሰው የሚገድለው ግን መገልበጥና ከጀልባ መውደቅ ነው። ስለዚህ አደጋውን የሚቈጥር ሰው በሀብታሙና በተጨናነቀው ውሃ ላይ ጣቱን ይቀስራል፤ ሟቹን የሚቈጥር ግን ወደ ሌላ ስፍራ ዞር ብሎ ያያል።

ከዚህም ሌላ ሞት የሚሸሸግ ነገር አይደለም፤ ቍስልና ግጭት ግን ይሸሸጋል። አደጋውን የሚያስታውቀው ነጂው ራሱ ነውና፤ ቅጣትን የፈራ፤ ወይም ሕጉን ያላወቀ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኮስት ጋርድም ሞት ያልደረሰባቸው አደጋዎች ወደ መዝገብ የሚገቡት ጥቂቶቹ ብቻ እንደ ሆኑ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ማፈር ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ጠባቂ የበዛበት ግዛት ብዙ አደጋ፤ ጠባቂ የሌለበት ግዛት ጥቂት አደጋ ሊያስቈጥር ይችላል። ሥራውን የሚተጋ ሹም የሚነቀፍበት፤ የሚተኛውም የሚመሰገንበት መዝገብ ከዚህ የተነሣ ይፈጠራል። ይህ ነገር በውሃ ላይ ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ ከየአውራጃው የሚመጣ ወረቀት በእጁ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በጥቂቱ ለማንሣት ያህል፤ በመዝገቡ የማይቈጠር ሞትም አለ። ጀልባው በደኅና ቆሞ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ለመዋኘት ዘሎ የሰጠመ ሰው፤ በጀልባ ላይ ሳለ በሕመሙ የሞተም ሰው ከጀልባ አደጋ አይገባም። በቤተ ሰቡ ዘንድ ለቅሶው አንድ ነው፤ በመዝገቡ ግን ስፍራ የለውም።

አሁን ወደ አካፋዩ መምጣት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ተካፋዩ የሟቾች ቍጥር፤ አካፋዩ በመዝገብ የገባው ጀልባ ቍጥር ነው። ነገር ግን ወደ መዝገብ የሚገባው ጀልባ በየግዛቱ ልዩ ልዩ ነው። የአገሩ ሁሉ ሕግ ቍጥር እንዲጻፍበት የሚያስገድደው ሞተር ያለውን ጀልባ ነው፤ በመቅዘፊያ የሚሄደውን ግን ለግዛቶቹ ፈቃድ ትቶታል። ሚኔሶታ ከ10 ጫማ የሚበልጠውን ካኑና ካያክ እንዲመዘገብ ታዝዛለች፤ እነዚህም እንደ ጣና ታንኳ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዙ፤ ቀላልና ጠባብ ጀልባዎች ናቸው። ኦሃዮም እንዲሁ ታስመዘግባለች። ብዙዎች ሌሎች ግዛቶች ግን ሞተር የሌለውን አይመዘግቡም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ነው። በማይመዘግብ ግዛት አንድ ሰው በካያክ ሳለ ቢሰጥም፤ ሞቱ ከመሥመሩ በላይ ይቈጠራል፤ ጀልባው ግን ከመሥመሩ በታች የለም። በሚመዘግብ ግዛት ሁለቱም አሉ። በቅርቦቹ ዓመታት ካያክ ክፍት ከሆነው የሞተር ጀልባ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሞትበት ሆኗልና፤ ነገሩ የጥቂቶች ጕዳይ ነው ተብሎ አይታለፍም። ሚኔሶታ ከ800,000 በላይ ጀልባ መዝግባ ሟቿ ለመቶ ሺህ ሲመደብ ዝቅ ብሎ የሚታየው፤ ከፊሉ ሕዝቧ ስለ ተጠነቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን አካፋዩ ስለ ሰፋ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሐይቆቿ በክረምት በረዶ ሆነው ስለሚደርቁ ጀልባው ሁሉ ወራት ሙሉ በየጐተራው ተደፍቶ ይከርማል። የፍሎሪዳ ጀልባ ዓመቱን ሙሉ በውሃ ላይ ነው። ከሌላ ግዛት የተመዘገበ ጀልባ እየጐተቱ ወደ ፍሎሪዳ የሚወርዱትም እንግዶች ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱ በዚያ ቢሞቱ ሞታቸው በፍሎሪዳ፤ ጀልባቸው በየአገራቸው ይቈጠራል።

መዝገቡ ሲጀመር አደጋን ለመመዘን ብቻ ተብሎ አልተበጀም፤ ባለቤቱን ለማወቅና የምዝገባውን ዋጋ ለመቀበልም ጭምር የተበጀ ነው። በላዩም ሌላ ሥራ ተጨምሮበታል። ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃና ከሞተር ጀልባ ቤንዚን ከሚሰበሰበው ቀረጥ ለጀልባ ደኅንነት ተብሎ ለግዛቶች የሚታደለው ገንዘብ፤ ሲሶው ለሁሉም እኩል፤ ሲሶው እንደ ተመዘገበው ጀልባ ብዛት፤ ሲሶው ግዛቱ ራሱ ለዚህ ሥራ እንዳወጣው ወጪ ይከፈላል። እንግዲህ አንድ መዝገብ ለቀረጥ ተቀባዩም፤ ለገንዘብ ዐዳዩም፤ ለአደጋ ቈጣሪውም እንዲያገለግል ታዟል። ሦስት ጌታ የሚያገለግል ሎሌ ሦስቱንም ደስ እንዲያሰኝ አይጠበቅም።

አላስካ ደግሞ የተለየ ምክር ያስፈልጋታል። በዚያ ያለው ጀልባ ጥቂት ነው፤ ሟቹ ለመቶ ሺህ ሲመደብ ግን ከአገሩ መካከለኛ እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል። ጥቂት በሆነ ቍጥር ላይ የተሠራ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለማስረዳት፤ 50,000 ጀልባ ያለው ግዛት አለ እንበል። በአንድ ዓመት 10 ሰዎች ቢሞቱ ለመቶ ሺህ 20 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት 5 ቢሞቱ 10 ይሆናል። ሹሙ አደጋውን በግማሽ ቀነስሁት ብሎ ሊመካ ይችላል፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንዲት ጀልባ አባትንና ሦስት ልጆችን ይዛ ተገልብጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ግዛት በአንድ ዓመት ሒሳብ ከመመዘን ይልቅ የአምስት ወይም የዐሥር ዓመት ደምሮ ማየት ይሻላል።

ይሁን እንጂ የአላስካ ቍጥር ከፍ ማለቱ የሒሳብ መዋዠቅ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ሌላ ስሕተት ነው፤ ዓመታት ተደምረውም ከፍታው አይጠፋምና። ምክንያቱ ውሃው ነው። እጅግ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይፈልግ በኀይል ይተነፍሳል፤ በዚያ ጊዜ ራሱ ከውሃ በታች የሆነ እንደ ሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳይሞላ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይሉታል፤ ዋና የሚያውቀውም የማያውቀውም ያን ጊዜ እኩል ይሆናሉ። ሰውነቱ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ራሱን የሚስተው ግን አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ ነው። ስለዚህ በብርድ ሞተ የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብርዱ ሳይገድለው በፊት የሰጠመ ነው፤ የሚያንሳፍፍ ልብስ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ግን ረዳት እስኪደርስለት ድረስ ጊዜ ባገኘ ነበር።

አካፋዩ ጀልባ መሆኑ ምን ያህል እንደሚያሳስት በግልጥ የታየው በ2020 ዓመት ነው። በ2019 የሞቱት 613 ነበሩ፤ በ2020 ግን 767 ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 25 መጨመሩ ነው። አደጋውም ከ4,168 ወደ 5,265 ወጣ። የተመዘገበው ጀልባ ግን ከ11.8 ሚሊዮን ገደማ ንቅንቅ አላለም፤ ስለዚህ ለመቶ ሺህ ጀልባ የሚመደበው ሟች ከ5.2 ወደ 6.5 ዘለለ። መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው ሕዝቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥንቃቄውን ጣለ ይላል። የሆነው ግን የኮሮና ሕመም ሰውን ከመሰብሰቢያው ሁሉ ስላገደው፤ በሜዳና በውሃ ላይ መዝናናት መብዛቱ ነው። ጀልባው ያው፤ የተነዳበት ሰዓት ግን ብዙ ሆነ። አዲስ ነጂዎችም ተጨመሩ፤ እነርሱ ምን ያህሉን እንዳደረሱት ይህ ሒሳብ ብቻውን ሊለየው አይችልም። በ2021 ሟቹ 658፤ በ2022 ደግሞ 636፤ በ2023 ወደ 564 ወረደ።

ትክክለኛው አካፋይ በውሃ ላይ የዋለው የሰው ሰዓት ነው። ይህንንም ለማወቅ በ2012 እና በ2018 በአገሩ ሁሉ ሰው እየተጠየቀ ምርመራ ተደርጓል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ወጪው ከባድ ነው፤ በየዓመቱም አይደረግም፤ የተጠየቀውም ሰው ባለፈው በጋ ስንት ሰዓት እንደ ዋለ በግምት ይናገራል እንጂ አይጽፈውም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚገኘው ቀላሉ ሚዛን፤ ጕድለቱ እየታወቀ፤ ይሠራበታል።

ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ትምህርት የሚነገረው ነው። በ2023 ነጂው መማሩና አለመማሩ ከታወቀባቸው ሞቶች፤ ከመቶው 75 የሚሆኑት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ያልተማረ ሰው በነዳቸው ጀልባዎች ላይ የደረሱ ናቸው። ይህን ሰምቶ፤ ትምህርት አራት ሞት ሊሆን ከነበረው ሦስቱን ያስቀራል ብሎ የሚደመድም ሰው ፈጥኗል። በውሃ ላይ ካሉት ነጂዎች ሁሉ ከመቶው 75 ያልተማሩ ቢሆኑ፤ ይህ ቍጥር ትምህርት ጠቀመም አልጠቀመም የሚል አይሆንም፤ ያልተማሩት ከመቶ 50 ብቻ ቢሆኑ ግን የተማረው እጅግ ይሻላል ማለት ነው። ግዛቶቹም በዚህ አንድ ሕግ የላቸውም፤ አላባማ በ1994 ባወጣችው ሕግ ነጂው ፈቃድ እንዲይዝ አስገደደች፤ ፍሎሪዳ ከጥር 1 ቀን 1988 ወዲህ የተወለዱትን ብቻ ታስገድዳለች፤ ካሊፎርንያ ከ2018 ጀምራ በየዕድሜው እያስፋፋች በ2025 ሁሉን አዳረሰች፤ አላስካ ግን አታስገድድም። ትምህርት ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ የሚታመን ነው፤ የቀረበለት ማስረጃ ግን ሌላ ቍጥር ይጐድለዋል።

መጠጥን በሚመለከት፤ በ2023 ዋና ምክንያቱ ከታወቀው ሞት ከመቶው 17ቱን በማድረስ አንደኛ ሆኖ ተጽፏል። ምክንያቱ ያልታወቀው ሞት ግን ብዙ ነው፤ የሰጠመው ሰው ደም ተመርምሮ ያልታየ እንደ ሆነም መጠጡ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ስለዚህ እውነተኛው ከዚህ ቢበልጥ እንጂ ያንሳል ተብሎ አይገመትም።

ከመዝገቡ ሁሉ አካፋዩ የማያሳስተው አንድ ስፍራ አለ። ይኸውም የጀልባውን ብዛት ትቶ ከሟቾቹ መካከል የሚጠይቀው ነው። በ2023 የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ሰዎች ከመቶው 75 የሞቱት ሰጥመው ነው፤ ከሰጠሙትም ከመቶው 87 የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ አልለበሱም ነበር። ይህ ቍጥር በ2020 ከመቶው 86 ነበረ፤ የወረርሽኙ ዓመት ሌላውን ሁሉ ሲያናውጠው ይህን አላናወጠውም። ጀልባው ተመዘገበም አልተመዘገበም፤ ጕዳቱ 2,000 ዶላር ሞላም አልሞላም ፍርዱ አይለወጥም። እርግጥ ነው፤ በደኅና ከተመለሱት መካከል ስንቱ ለብሶ እንደ ነበረ ማወቅ እዚህም ይረዳል፤ ነገር ግን የሰደርያው ሥራ ሰውን ከውሃ በላይ ማቈየት መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም።

የአገሩ ሁሉ ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰደርያ በጀልባው ውስጥ እንዲገኝ ያዛል፤ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅም ጀልባው ሲሄድ እንዲለብሰው ያዛል፤ አዋቂው ግን እንዲለብስ አያስገድድም። ከዚህም የተነሣ ጠባቂዎች የተገለበጠ ጀልባ ስበው ባወጡ ጊዜ ሰደርያው ከመቀመጫው ሥር ታጥፎ ተቀምጦ የሚያገኙት ጊዜ አለ። ኒውዮርክ በበኩሏ፤ ከኅዳር ወር መግቢያ ጀምሮ እስከ ግንቦት ወር መግቢያ በእነርሱ አቈጣጠር፤ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፤ ከ21 ጫማ በሚያንስ ጀልባ ላይ የሚሳፈር ሰው ሁሉ፤ አዋቂም ቢሆን፤ ለብሶት እንዲሄድ ደንግጋለች።